ቀዩ መብራት ለቀኝ ታጣፊም ነው

ቤተ ሰብ የሚጸናው በአፍ ከሚነገረው ምክር ይልቅ በዐይን በሚታየው ሥራ ነው። አባት ልጁን «እውነት ተናገር» ብሎ መክሮ በዚያው ቀን በልጁ ፊት ሐሰት ቢናገር፥ ልጁ የሚይዘው ያየውን እንጂ የሰማውን አይደለም። ይህንን የማያውቅ ወላጅ የለም። ነገር ግን ይህ ትምህርት በቤት ውስጥ ብቻ የሚሰጥ እየመሰለን፥ ከደጃችን ወጥተን አውቶሞቢል ውስጥ በገባን ጊዜ እንረሳዋለን። አውቶሞቢልም እኮ ቤት ነው። አባትና እናት ከፊት፥ ልጆች ከኋላ ተቀምጠው የሚሄዱበት ትንሽ ቤት ነው፤ በዚያ ውስጥ የሚደረገውንም ሁሉ ልጆች ከኋላ ሆነው ይመለከታሉ።

ዛሬ በዚህ ዐምድ የምንጽፈው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም ቀይ መብራት በርቶ ሳለ ወደ ቀኝ ስለ መታጠፍ ነው። «ስለ መንገድ ደንብ መናገር የትራፊክ ፖሊስ ሥራ ነው እንጂ የቤተ ሰብ ገጽ ሥራ አይደለም» የሚል አንባቢ ቢኖር፥ እስከ መጨረሻው ታግሦ እንዲያነብልን እንለምነዋለን። ነገሩ ከመንገድ ተነሥቶ ወደ ቤት የሚገባ ነውና።

ከጥቂት ጊዜ በፊት፥ ወር በገባ በ27 ቀን፥ በመድኃኔ ዓለም ዕለት፥ ልጃችንን ትምህርት ቤት ለማድረስ በማለዳ ከገርጂ ተነሥተን ወደ ቦሌ እንሄድ ነበር። ዕለቱ የበዓል ቀን ስለ ነበረ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ወደ ቦሌ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ይጐርፋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙ ከማይርቅ አንድ መስቀለኛ መንገድ ስንደርስ ቀይ መብራት በራ፤ እኛም ከሁሉ ፊት ቆምን። የምንሄደው ወደ ቀኝ ነበርና ፍሬቻችንን አሳይተናል።

ከኋላችን የነበረው ሚኒባስ ክላክሱን ነፋ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ነፋ። ረዳቱም በመስኮት ብቅ ብሎ «ቀኝ አይደል እንዴ! ንዳው እንጂ!» ብሎ ጮኸ። እኛም አፈርን፤ ሥራ ያለበትን ሰው ሁሉ ያስቸገርነው መሰለን። ስለዚህ መሪውን ወደ ቀኝ አዙረን፥ በዐይናችን ግን ወደ ግራ ከዚያ በኩል የሚመጡትን አውቶሞቢሎች እየተመለከትን፥ ክፍት ቦታ ባገኘን ጊዜ ፍሬኑን ለቀቅን። ወዲያው ልጃችን ከኋላ «አባዬ፥ ሴትዮዋ!» ብሎ ጮኸ። ፍሬኑን በኀይል ረገጥነው።

ከፊታችን፥ ኮፈኑ ሊነካቸው አንድ ክንድ ሲቀረው፥ አንዲት አሮጊት እናት ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ጧፍ ይዘዋል፤ ሌላውን እጃቸውን አውቶሞቢሉን ሊያቆሙት እንደሚፈልጉ ሁሉ ወደ ፊት ዘርግተውታል። እኛም ደንግጠን ወረድን። እርሳቸውም ይቈጡናል ብለን ስንጠብቅ «ይቅርታ፥ ልጄ፤ አረንጓዴው ሰውዬ የበራልኝ መስሎኝ ነው» አሉን። ቀና ብለን ብንመለከት አረንጓዴው ሰውዬ እንደ በራላቸው ነበረ። ጥፋቱ የእኛ እንደ ሆነ ነግረን፥ እጅ ነሥተን ይቅርታ ለመንናቸው። «እግዜር አትርፎናል፤ ግድ የለም» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ተመልሰን ስንገባ ልጃችን «አባዬ፥ ቀዩ መብራት ለኛ አልነበረም እንዴ?» ሲል ጠየቀን። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ የምንመልስለት ቃል አጣን። የተበደሉት እናት ይቅርታ ጠይቀው፥ የበደልነው እኛ በመኪናችን ተቀምጠን፥ ሕፃኑ ግን ሁሉን ተመልክቶ ነበር። ይህንን ጥፋታችንን በአደባባይ የምንጽፈው፥ ከብዙ ቤተ ሰብ ጋራ የምንካፈለው ጥፋት መሆኑን ስላወቅን ነው።

አሁን ነገሩን በሥርዐት እንመርምረው። በከተማችን ከነጂ ወደ ነጂ ሲተላለፍ የኖረ «ቀኝ ነጻ ነው» የሚል ቃል አለ። ይህ ቃል ከየት እንደ መጣ ለመረዳት አያስቸግርም። አገራችን አውቶሞቢልን ያየችው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፥ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በኢትዮጵያ የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል ነበር። በዚያ ዓመት ሕጉ ተለውጦ ሁሉም በቀኝ በኩል እንዲነዳ ሆነ። በቀኝ በሚነዳበት አገር ወደ ግራ የሚታጠፍ ሰው ከፊት ለፊት የሚመጣውን የአውቶሞቢል ሰልፍ ማቋረጥ አለበት፤ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ግን የማንንም አውቶሞቢል መንገድ ሳይቈርጥ ጥጉን ይዞ ይዞራል። ከዚህም የተነሣ ነጂው «እኔ ማንንም አልነካም» ይላል። «ማንንም» ሲል ግን የሚቈጥረው አውቶሞቢሉን ብቻ ነው። በእግሩ የሚሄደውን ሰው ከቍጥር አያገባውም።

ይህንን ለልጆቻችሁ ለማስረዳት ብትፈልጉ፥ ማታ ከራት በኋላ በገበታ ላይ ልታሳዩአቸው ትችላላችሁ። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሁለት መንገዶች በመስቀል ቅርጽ ሥሩ። የክብሪት ቀፎ አውቶሞቢል ይሁን፤ የባቄላ ፍሬ እግረኛ ይሁን። የክብሪቱን ቀፎ ከታች ባለው መንገድ ላይ፥ ከመስቀለኛው በፊት አቁሙት፤ ቀይ በርቶበታል። ከግራና ከቀኝ ያሉት አውቶሞቢሎች አረንጓዴ ስለ በራላቸው በፊቱ ያልፋሉ። እንግዲህ በዚያን ጊዜ አረንጓዴው ሰውዬ ለማን እንደሚበራ ልጁን ጠይቁት። ለሌላ ሳይሆን፥ ልክ ከክብሪቱ ቀፎ አፍንጫ ፊት ባለው ዜብራ ለሚሻገረው ለባቄላው ነው። ቀዩ መብራት አውቶሞቢሉን ካቆመባቸው ምክንያቶች አንዱ ያ ባቄላ ነው።

አሁን የክብሪቱን ቀፎ ወደ ቀኝ አዙሩት። ነጂው ማንን ይፈራል? በግራ በኩል የሚመጣውን ትልቅ አውቶቡስ ይፈራል። ስለዚህ አንገቱ ወደ ግራ ይዞራል፤ መኪናው ግን ወደ ቀኝ ይሄዳል። ባቄላውም ከቀኝ በኩል ከእግረኛ መንገዱ ወርዶ ይመጣል። ዐይን ወደ አንድ ወገን፥ ጎማ ወደ ሌላ ወገን ሲሄድ በመካከል ያለው ሰው ይጐዳል። እኛንም የደረሰብን ይኸው ነው። ክፉ ሰው ስለ ሆንን አይደለም፤ የምንፈራውን ስናይ የሚፈራንን ስላላየን ነው።

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል በአንዲት ሰከንድ ከ8 ሜትር የሚበልጥ መንገድ ይቈርጣል። ዕድሜ የተጫናቸው እናት ግን በአንዲት ሰከንድ አንድ ሜትር ለመራመድ እንኳ ይቸገራሉ። ታጣፊ አውቶሞቢል በዝግታ ቢሄድም ክብደቱ ያው ነው፤ የሚወድቀውም ሰው የሚወድቀው በአስፋልት ላይ ነው። ለጐበዝ ጕዳት የማይሆን ግፊት ለአሮጊትና ለሕፃን የዳሌ ስብራት ወይም ሞት ሊሆን ይችላል።

መብራት ለምን እንደ ተፈጠረ መለስ ብሎ ማየትም ይጠቅማል። በዓለም የመጀመሪያው የመንገድ መብራት ምልክት የተተከለው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1868 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ፥ በፓርላማው አጠገብ ነው። በዚያን ጊዜ በመንገዱ ላይ የሚርመሰመሰው በፈረስ የሚጐተት ሠረገላ እንጂ አውቶሞቢል አልነበረም። ምልክቱም የቆመው ሠረገላው በዝቶበት መሻገር ለተቸገረው ሕዝብ ነው። በጋዝ የሚበራ ስለ ነበረ በሚቀጥለው ዓመት ፈንድቶ የሚጠብቀውን ፖሊስ ጐዳውና ተነቀለ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው መብራት ደግሞ በ1914 ዓ.ም. በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ቆመ፤ እርሱም ቀይና አረንጓዴ ብቻ ነበረው። ቢጫ ተጨምሮበት ባለ ሦስት ቀለም የሆነው በ1920 ዓ.ም. ዲትሮይት ላይ በአንድ የፖሊስ መኰንን ሐሳብ ነው። ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ መብራቱ ገና ከመጀመሪያው እግረኛውን ለማሻገር የተተከለ መሆኑን ነው።

«በአሜሪካ አገር በቀይ መብራት ወደ ቀኝ መታጠፍ ይፈቀዳል» የሚል ሰው አይጠፋም። ዘመዶቻችን ከዚያ ሲመጡም ይህንኑ ይነግሩናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱንና ወሰኑን ጨምሮ ማወቅ ይገባል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. የዐረብ አገሮች ነዳጅ በከለከሉ ጊዜ አሜሪካ በቤንዚን እጦት ተጨነቀች። በቀይ መብራት ቆመው በከንቱ የሚያቃጥሉትን ቤንዚን ለማዳን ሲሉ፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በየክፍለ አገሩ ወደ ቀኝ መታጠፍ ተፈቀደ፤ እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስም ፈቃዱ በሁሉም ዘንድ ተስፋፋ። እንግዲህ ፈቃዱ የመጣው ቤንዚን ለመቈጠብ ነው እንጂ መታጠፉ ለእግረኛ የማያሰጋ ሆኖ ስለ ተገኘ አይደለም።

ፈቃዱም ቢሆን ገደብ አለው። ታጣፊው በመጀመሪያ ከመስመሩ በፊት ጎማው ፈጽሞ እስኪቆም ድረስ መቆም፥ ከዚያም ለእግረኛውና አረንጓዴ ለበራለት አውቶሞቢል ቅድሚያ መስጠት አለበት። በጀርመንም በቀይ መብራት ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የሚፈቅድ፥ ከመብራቱ አጠገብ የሚለጠፍ አረንጓዴ ቀስት አለ፤ ይህም በ1978 ዓ.ም. በምሥራቅ ጀርመን የተጀመረ ነው። በዚያም ቢሆን አስቀድሞ ሳይቆም የሚታጠፍ ጥፋተኛ ነው። ከዚህም ሁሉ በላይ፥ በዚያችው በአሜሪካ የኒውዮርክ ከተማ፥ የሚፈቅድ ምልክት ከተተከለባቸው ጥቂት ስፍራዎች በቀር፥ በቀይ መብራት መታጠፍን ከልክላለች። በእግሩ የሚሄድ ሕዝብ የበዛባት ከተማ ናትና።

እንግዲህ አዲስ አበባ የትኛዋን ትመስላለች? ከነዋሪዎቿ እጅግ ብዙው በእግሩ የሚሄድ ነው። በከተማችን በመንገድ አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው በዓለም ላይ በ2021 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ሞቷል። ይህ ቍጥር ከመብዛቱ የተነሣ ልብን አይነካም፤ አንዲት ጧፍ የያዘች እጅ ግን ትነካለች።

ወደ ምሥራቃዊው የከተማችን ክፍል ብንመለከት ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ከአያት ተነሥቶ በሲኤምሲና በጉርድ ሾላ በኩል ወደ መገናኛ ሲመጣ፥ በየጣቢያው የሚወርደው ሕዝብ ሁሉ መንገድ ተሻጋሪ ነው። በመገናኛ በማለዳና በማታ ታክሲ የሚጠብቀው፥ ዕቃ የተሸከመው፥ ልጅ ያዘለችው ሁሉ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይሻገራል። ከመስቀል አደባባይ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በሚደርሰው በአፍሪካ ጎዳናም የቢሮ ሠራተኛው፥ ተማሪው፥ መንገደኛው አይቋረጥም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ከቦሌ ወደ መገናኛ፥ ከመገናኛም ወደ ሲኤምሲ የሚወስዱት መንገዶች ሲታደሱ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ የብስክሌት መንገድም ተጨምሯል። እነሆ፥ የእግረኛው መንገድ ሲያምር የሚሄድበት ቤተ ሰብ በዛ፤ ማታ ማታ አባትና እናት ልጆቻቸውን ይዘው ይናፈሱበታል። መንገዱ ስለ ሰው ሲሰፋ፥ የነጂውም ልብ አብሮ ሊሰፋ ይገባዋል።

ብስክሌቱንም መርሳት አይገባም። ብስክሌት ነጂው የሚሄደው በቀኛችን በኩል ነው። እኛ ወደ ቀኝ ስንታጠፍ እርሱ ወደ ፊት የሚሄድ ከሆነ መንገዱን የምንቈርጥበት እኛ ነን። ስለዚህ የቀኙን ስፔኪዮ ሳይመለከቱ መታጠፍ፥ ቀይ ቢሆንም አረንጓዴ ቢሆንም፥ አደገኛ ነው።

ስለ ክላክስ ጥቂት እንናገር። እኛን ያሳሳተን ክላክስ ነው ብለን አናመካኝም፤ እግር የእኛ፥ ፍሬንም የእኛ ነበርና። ነገር ግን ሰው ከኋላው ሲነፋበት እንደሚያፍርና እንደሚቸኩል ሁላችንም እናውቃለን። ከኋላ ያለው ሰው ዜብራውን አያይም፤ የሚያየው የፊተኛውን መኪና ጀርባ ብቻ ነው። ያላየውን ነገር «ሂድ» ብሎ የሚያዝ ሰው፥ አደጋ ቢደርስ በሕግ ባይጠየቅ እንኳ በኅሊናው ሳይጠየቅ አይቀርም። ታክሲ ነጂዎችም የዕለት ጕርሳቸው በምልልስ ብዛት የተመሠረተ በመሆኑ እንደሚቸገሩ እንረዳለን። ሆኖም ተሳፋሪው የማን ነው? ሲወርድ እግረኛ የሚሆነው ያው ሰው አይደለምን?

እንግዲህ በቤታችን መክረን የቈረጥነውን ደንብ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። የወደደ ለራሱ ቤት ይውሰደው።

አንደኛ፤ ቀይ መብራት ሲበራ ከማቆሚያው መስመር በፊት ጎማችን ፈጽሞ ይቆማል። ዜብራውን ረግጦ መቆም እንደ መቆም አይቈጠርም። በሰው መሻገሪያ ላይ የቆመ መኪና አሮጊቷን ዞረሽ በአውቶሞቢሎች መካከል እለፊ ማለቱ ነው።

ሁለተኛ፤ ወደ ቀኝ የሚያመለክት አረንጓዴ ቀስት ካልበራልን፥ ወይም በስፍራው ያለው ትራፊክ ፖሊስ በእጁ ካላሳለፈን አንታጠፍም። ፖሊሱ በቆመበት ስፍራ የእጁ ምልክት ከመብራቱ ይበልጣል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. በቪየና የተደረገው የመንገድ ምልክቶች ስምምነትም ክቡን ቀይ መብራት ለሁሉ ቁም፥ አረንጓዴውን ቀስት ግን ወዳመለከተበት ብቻ እለፍ ብሎ ይተረጕመዋል። የሚያስገርመው፥ በየቀኑ የምንጠራው ፍሬቻ ከጣሊያንኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጕሙ ቀስት ማለት ነው። የእኛ ቀስት ፈቃዳችንን ትናገራለች፤ የመብራቱ ቀስት ግን ፈቃድ ትሰጣለች። አንደኛዋን ከሁለተኛዋ ጋራ አናምታታ።

ሦስተኛ፤ ቀስቱ ቢበራም፥ ሙሉ አረንጓዴ ቢበራም፥ ከመታጠፋችን በፊት ወደ ቀኝ እናያለን። አረንጓዴ በርቶልን ወደ ቀኝ ስንዞር የምንገባበትን መንገድ የሚሻገር እግረኛም በዚያው ጊዜ ሊበራለት ይችላልና ቅድሚያው የእርሱ ነው።

አራተኛ፤ ለቀኝ ታጣፊ በደሴት የተለየ መንገድ በተሠራለት ስፍራ፥ መታጠፊያው የእኛ ቢሆንም በላዩ ያለው ዜብራ የእግረኛው ነው። ዝግ ብለን እንገባለን፤ የሚሻገር ካለ እንቆማለን።

አምስተኛ፤ ኤሌክትሪክ ጠፍቶ መብራቱ የጨለመ እንደ ሆነ፥ ጨለማውን እንደ አረንጓዴ አንቈጥረውም። ተራ በተራ፥ በእርጋታና በመተያየት እናልፋለን።

ስድስተኛ፤ በቀይ መብራት በቆመ ሰው ላይ ክላክስ አንነፋም። ቢነፋብንም ወደ ኋላ አንሳደብም፤ ዝም ብለን እንቆማለን። ልጅ ከኋላ ተቀምጦ ስድብ የሚማረው ከዚህ ነውና።

ለእናቶችም አንድ ቃል አለን። ልጅን ብቻውን የምትልኩ፥ ወይም በእጁ ይዛችሁ የምትሻገሩ እንደ ሆነ፥ «አረንጓዴ ሲሆን ተሻገር» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። አረንጓዴ ከሆነ በኋላም ከእግረኛ መንገዱ ሳይወርድ፥ አጠገቡ ያለው መኪና ጎማው መቆሙን፥ ነጂውም በዐይኑ እርሱን ማየቱን እንዲመለከት አስተምሩት። መኪናው መሪውን ወደ ቀኝ እንደ ጠመዘዘ የፊተኛው ጎማ ይናገራል፤ ሕፃን ይህንን ማየት ፈጥኖ ይለምዳል። መብራቱ ለእርሱ ቢፈርድለትም፥ ፍርዱን ያልሰማ ነጂ ሊኖር ይችላልና።

በመጨረሻ ስለ ጊዜ እንናገራለን፤ ጥድፊያው ሁሉ ስለ ጊዜ ነውና። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት፥ በዚያው መብራት ደረስን፤ ዳግመኛም ቀይ ሆነ። ቆምን። ከኋላችን አንድ ሌላ መኪና ክላክሱን ነፋ፤ እኛም አልተንቀሳቀስንም። ልጃችን ከኋላ ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ መቍጠር ጀመረ። አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት እያለ 41 ሲል አረንጓዴው በራ። ስንታጠፍም ወደ ቀኝ አይተን ታጠፍን። እነሆ፥ ባለፈው ቀን የዚያችን እናት ሕይወት አስይዘን ልንገዛው የነበረው ነገር 41 ቍጥር ነበር።

በየማለዳው በአንድ መብራት አንድ ደቂቃ ብናተርፍ፥ በማታም አንድ ብናተርፍ፥ በሳምንቱ አምስት የሥራ ቀኖች 10 ደቂቃ ይሆናል። ይህንንም 10 ደቂቃ የሚፈልግ ሰው መንገድ ላይ አይፈልገው፤ በማለዳ ከአልጋው 2 ደቂቃ ቀደም ብሎ በመነሣት ያገኘዋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ አባቶቻችን፤ ጤፍ ቢፈስ ይለቀማል፤ የሰው ደም ግን ከፈሰሰ በኋላ አይለቀምም።

ልጃችን የጠየቀንን ጥያቄ በዚያን ቀን መመለስ አቅቶን ነበር። ዛሬ እንመልስለታለን። አዎን፥ ልጄ፤ ቀዩ መብራት ለኛ ነበር። አንተ ስታድግና መሪ ስትይዝ፥ ከኋላህ ቢነፉብህም፥ «ንዳው» ቢሉህም፥ የሚሻገረው ሰው እስኪያልፍ ቆይ። አረንጓዴ ለበራላቸውና ይቅርታ ለጠየቁን ለዚያች እናት ያለብንን ዕዳ የምንከፍለው ይህንን ስናደርግ ነው።

አንባቢዎቻችንም ነገ ማለዳ ከየቤታችሁ ስትወጡ፥ ቀይ መብራት በቀኝ መታጠፊያችሁ ላይ ሲጠብቃችሁ፥ ከኋላ የተቀመጡትን ትንንሽ ዐይኖች አስቡ። በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።